ከከፍተኛ ሊግ ማደግ ምን ይጠቅማል? ጥያቄዬና የተከተሉት 31 መልሶች

መነሻው

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት የኳስ መወያያ ላይ የጻፍኩት ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከቤት አላስወጣ ባለኝ ቀን ነው። ለገጣፎ ለገዳዲ የተባለው ክለብ በ2014 ዓ.ም. ከሁለተኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በ2015 ወረደ። ሀምበሪቾ ዱራሜና ሻሸመኔ ከተማ በ2015 አደጉ፤ በ2016 ተያይዘው ወረዱ። ይህን ደርድሬ፣ አንድ ትንሽ ከተማ ከመንገዱና ከውኃው ቀንሶ ቡድን የሚያሳድገው ዓመቱን ሲሸነፍ ከርሞ ለመመለስ ከሆነ ማደጉ ምን ይጠቅመዋል ስል ጠየቅኩ። በሁለቱ ሊጎች መካከል ያለው ገደል የማይሞላ ነው፤ ከፍተኛ ሊግ የፕሪሚየር ሊጉ መጋቢ መሆኑ ቀርቶ መቀለጃው ሆኗል የሚልም ጨምሬበት ነበር። ጥያቄ አስመስዬ ፍርድ መስጠቴ ነው። ዋጋዬን ለማግኘት ብዙ አልጠበቅኩም።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ናቸው። በአንቱታ አመሰገኑኝ፣ በሐሳቤ ተስማሙ፣ ከዚያም ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አብራሩ። ከፍተኛ ሊግ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ከዚያ በፊት ብሔራዊ ሊግ ይባል የነበረውን ሁለተኛ እርከን ተክቶ ነው፤ ከሥሩ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያም የክልል ውድድሮች አሉ። ስሙ ለባዕድ ሰው ግራ ያጋባል፤ ከፍተኛ የተባለው ሁለተኛ፣ አንደኛ የተባለው ሦስተኛ ነው። ክለቦቹ አንዳንድ ዓመት በሦስት፣ አንዳንድ ዓመት በሁለት ምድብ ተከፍለው በተመረጡ ከተሞች ይሰባሰባሉ፤ የየምድቡ መሪ ያድጋል። ፕሪሚየር ሊጉን ከ2012 ጀምሮ የሚመራው የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ሲሆን፣ ከፍተኛ ሊጉ ግን በፌዴሬሽኑ እጅ ቀርቷል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ብዙ ሰው ዘለላት እንጂ ቁልፍ ነበረች።

2ኛና 3ኛ

ሁለተኛው መላሽ ሰላምታ አላበዛም። የዋንጫ ባለቤቶችን ስም ብቻ ጻፈ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር፤ በ2009 ነው ያደገው። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ፤ እርሱም ያደገው በ2009 ነው። በ2013 ፋሲል ከነማ፤ በ2008 ያደገ። በ2014ና በ2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ። በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፤ ያደገው በ2015። በ2017 ኢትዮጵያ መድን፤ ያደገው በ2014። እንግዲህ ከስምንቱ ዓመት አምስቱን ከከፍተኛ ሊግ የመጣ ቡድን ከወሰደው፣ መቀለጃው ማን እንደሆነ ጠያቂው ያስብበት አለና ሄደ።

ስልኬን አስቀምጬ ቡና አፈላሁ። ዝርዝሩን አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዱን ዋንጫ በየዓመቱ አይቻለሁ፤ አንድ ላይ ግን አሰልፌው አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ሁለተኛውን አረመ። በ2012 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል፤ ሻምፒዮንም፣ ያደገም፣ የወረደም አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩ ከስምንት አምስት ሳይሆን ከሰባት አምስት ነው። እርማቱ እኔን የባሰ ቀበረኝ።

4ኛና 5ኛ

አራተኛው ወደ ጀርመን ወሰደን። ካይዘርስላውተርን በ1997 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድጎ በ1998 ቡንደስሊጋውን መውሰዱን ጻፈ፤ ጀርመኖች ይህን እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ያወሩታል። እኛ ዘንድ ጅማ አባ ጅፋርና ንግድ ባንክ ባደጉ በማግሥቱ ዋንጫ አንሥተው ማንም አልተደነቀም። መላሹ ይህን በኩራት ነው ያቀረበው። እኔ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ተአምር በስድስት ዓመት ሁለት ጊዜ ከተደገመ ተአምር አይደለም፤ የታወቀ ምክንያት ያለው ነገር ነው።

አምስተኛው ከጅማ ነኝ አለ። የ2009ን ክረምት ተረከ። ጅማ አባ ቡና ከፕሪሚየር ሊጉ በወረደበት ዓመት ጅማ ከተማ የተባለው ቡድን አደገ፤ በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ቤት ለቅሶ፣ ሌላው ቤት ሠርግ ሆነ። ያደገው ስሙን ወደ ጅማ አባ ጅፋር ለውጦ ገባ፤ ዓመቱን ጨርሶ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ነጥብ ተስተካክሎ በግብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በዚያ ሌሊት ጅማ አልተኛችም ብሏል። ከአራት ዓመት በኋላ በ2014 ቡድኑ ሲወርድ ግን ከተማዋ በጊዜ ነው የተኛችው።

ከ6ኛ እስከ 9ኛ

እዚህ ጋ ድምፁ ከፍ አለ። ስድስተኛው፣ ንግድ ባንክንና መድንን ያደጉ ብሎ መቁጠር ማጭበርበር ነው አለ። ንግድ ባንክ በ2009 ሲወርድ የወንዶች ቡድኑን አፍርሶ የነበረ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ነው፤ ሲፈልግ ያፈርሳል፣ ሲፈልግ ይሠራል። መድንም የዱራሜ ልጅ አይደለም። ሰባተኛው ደግሞ ፋሲልስ የማን ባንክ ነው ሲል መለሰለት፤ ጎንደር በደጋፊ ብዛት እንጂ በቼክ አልወጣችም አለ። ስምንተኛው የሁለቱንም ክርክር ትቶ የአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌን ስም አነሣ፦ የ2010ሩም፣ የ2011ዱም፣ የ2017ቱም ዋንጫ ላይ እኚሁ ሰው ነበሩ፤ ሦስቱም ቡድኖች ከከፍተኛ ሊግ የመጡ ናቸው። ይህን የሚያህል ነገር አጠገባችን እያለ ስለ ባንክ ምን ያነታርካችኋል አለ።

ዘጠነኛው ተሳዳቢ ነበር፤ አልደግመውም።

10ኛ መልስ

ውይይቱን ውይይት ያደረገው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው የቀድሞ አማካይ ተጫዋች ነኝ አለ፤ ክለቡን አልጠራም፣ እኔም ለመገመት አልሞክርም።

በከፍተኛ ሊግ ዓመቱን ሙሉ የተጫወቱት አልጋ ቤት አድረው ነው፤ ለሁለት አንድ ክፍል። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ከሜዳው ጀርባ ያለች አንዲት ምግብ ቤት በዱቤ ታበላቸው ነበር፤ ሽሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሥጋ ባሸነፉበት ቀን። ባለቤቲቱ የእያንዳንዳቸውን ስም በሰማያዊ ደብተር ትጽፋለች። ለግብ ጠባቂው ሁለት ገጽ ሰጥታዋለች፤ ይበላል። በመጨረሻው ጨዋታ አቻ ወጥተው ምድባቸውን በመሪነት ጨረሱ። ከተማው በአይሱዙ ጭኖ አዞራቸው፤ መድረክ ላይ ለእያንዳንዱ የቤት መሥሪያ ቦታ ቃል ተገባ። ውሉ የሚያልቀው ሰኔ 30 ነበር። ሐምሌ ሲገባ አዲስ አሠልጣኝ መጣ፤ አሠልጣኙ ደግሞ የራሱን ተጫዋቾች ይዞ መጣ። ቡድኑን ካሳደጉት መካከል የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። መሰናበቱን የነገረው የክለቡ ኃላፊ አይደለም፤ የቡድኑ ወጌሻ ነው፣ ያውም ታኬታህን መጥተህ ውሰድ ብሎ በስልክ። የሦስት ወር ደመወዙን አልተቀበለም። ቦታውም እንዳልተሰጠ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ የጻፈው ነው ጥያቄዬን የገለበጠው። ያ ቡድን በቀጣዩ ዓመት ሲወርድ ከፍተኛ ሊግ ወረደ ተባለ፤ የወረዱት ግን ከፍተኛ ሊግ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች አይደሉም፤ እነርሱ ፕሪሚየር ሊጉን አላዩትም።

11ኛና 12ኛ

አሥራ አንደኛዋ በአንድ ከተማ ፋይናንስ ቢሮ ትሠራለች፤ የጻፈችው አጭር ነው፣ ግን ማንም አልመለሰላትም፣ መልስ ስላልነበረ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30፣ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ነው። ቡድኑ የሚያድገው በጀቱ ተዘጋጅቶ ካበቃ በኋላ ነው። ምክር ቤቱ በከፍተኛ ሊግ መጠን ያጸደቀውን ገንዘብ ይዘህ ፕሪሚየር ሊግ ትገባለህ፤ ተጨማሪ በጀት ጠይቀህ መልስ እስኪመጣ ጥሩ ጥሩው ተጫዋች ፈርሟል። ባንክና መድን ይህ ችግር የለባቸውም። በ2011 ክረምት ክለቦች ተስማምተው የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን እኩል የሚያደርገን መስሏት እንደነበርም ጠቅሳለች። ጣሪያ የሚረዳው ወለል ሲኖርህ ነው አለች።

አሥራ ሁለተኛው የዱራሜ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ባይጽፉም አጻጻፋቸው የመምህር ነው። ቡድናቸው ስሙን የወሰደው ከከተማቸው በላይ ከቆመው፣ 777 ደረጃ ከተሠራለት ከሀምበሪቾ ተራራ ነው። በ2015 ሲያድግ ዱራሜ ፕሪሚየር ሊግ ይመጣል ብላ ነበር። አልመጣም። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በቴሌቪዥን ለመተላለፍ ሲል በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለሚካሄድ ሀምበሪቾ የቤቱን ጨዋታ የተጫወተው አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ነው። እርሳቸው ዓመቱን ሙሉ ቡድናቸውን ያዩት ዲኤስቲቪ ባለው አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ለስላሳ ገዝተው ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው አሉ፤ የቀረውን ተረት ለእኛ ተዉት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሐዋሳ ነዋሪ ነኝና አንዱን ጨዋታ አይቼዋለሁ። የሳምንቱ መካከል ነበር፤ ፀሐዩ ከፊት። በተቃራኒው መቀመጫ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች በሃላባና በሻሸመኔ በኩል ዞረው መጥተው አንድ ባነር ለአራት ይዘው ቆመዋል። ቡድናቸው ግብ ሲቆጠርበት ባነሩን ዝቅ አላደረጉትም፤ ከያዙት መካከል አንዱ ግን በአንድ እጁ ቆሎውን መዝገን ቀጠለ። በቤቱ ይጫወታል የተባለው ቡድን ያ ነበር። ይህን በ13ኛነት ጻፍኩ፤ ሰዉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰድበኝ አለፈ።

ከ14ኛ እስከ 16ኛ

አሥራ አራተኛው እኔን ደገፈ፤ ከደጋፊዎቼ ሁሉ ማስረጃ የነበረው እርሱ ብቻ ነው። በ2013 ጦርነቱ የትግራይ ክለቦችን፣ መቀሌ 70 እንደርታን፣ ስሑል ሽረንና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲን፣ ከሊጉ ካስቀረ በኋላ ክፍት ቦታዎቹን ለመሙላት ሐዋሳ ላይ የማሟያ ውድድር ተደረገ። ከላይ ወደ ወራጅ ቀጠና የገቡት አዳማ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር፣ ከታች ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ኮልፌ ቀራኒዮና ሀምበሪቾ ተገናኙ። ሦስቱንም ቦታ የላይኞቹ ወሰዱ። የሊጉ የመጨረሻ ሦስቱ እንኳን አልተሸነፉም፤ ገደል ማለት ይህ አይደለም ወይ አለ።

አሥራ አምስተኛው በዝግታ መለሰለት። የመቀሌ ሰው ነው። ክለቡ ሻምፒዮን ሆኖ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠፋ፤ ያወረደው የደረጃ ሰንጠረዥ አይደለም። የተመለሱት በ2017 ነው። ሲሄዱ በጉልበታቸው ላይ የነበሩ ተጫዋቾች ሲመለሱ ጫማ የሚሰቅሉበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ስለ ማደግና መውረድ ስታወሩ የሄደውን ዓመት የት እንደምትጽፉት ንገሩኝ ብሎ አቆመ። 16ኛው መልስ አንድ ነጥብ ብቻ ናት፤ ምናልባት በስሕተት ተጭናለች፣ ምናልባትም የሚባል ስላልነበረ።

17ኛና 18ኛ

አንቱታዬ እዚህ ላይ ወደቀ። አሥራ ሰባተኛው አንተ እያለ ጀመረ። አንተ ትልቅ ከተማ ተቀምጠህ፣ ሊጉ በየዓመቱ ደጅህ እየመጣልህ፣ ትንሽ ከተማ ለምን ታድጋለች ብለህ ትጠይቃለህ አለ። ሐዋሳ በ1996ና በ1999 ዋንጫ ስትወስድ መንገዷ ሁሉ አስፋልት ነበር ወይ? ሻሸመኔ ወደቀች ብለህ ስትጽፍ ሻሸመኔ ውስጥ በዚያ ዓመት ስንት ሕፃን ኳስ እንደገዛ ጠይቀሃል?

እውነቱን ለመናገር፣ አልጠየቅኩም። በ18ኛው ይህንኑ ጻፍኩ፤ ከመንገዱና ከውኃው የምትለዋን ሐረግም መነሻው ላይ አረምኩ። ሰዉ ማረሜን እንደ ሽንፈት ቆጠረው። ይቁጠረው።

ከ19ኛ እስከ 23ኛ

ከዚህ በኋላ ውይይቱ መንገድ ሳተ፤ እኔም አልመለስኩትም። በክለቦች ስም ላይ ከነማ የሚለው ከተማ ወደሚለው መለወጡ ለምን አስፈለገ የሚል ተነሣ። ለገጣፎ ለገዳዲና ሰበታ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ስለሆኑ፣ የወረደው ቡድን ቢያድግ በማን ስም ያድጋል የሚል ቀልድ አዘል ጥያቄ ተከተለ። አንድ ሰው ከዋሽንግተን አካባቢ፣ በአሜሪካ ዋናው ሊግ ማደግም መውረድም እንደሌለ፣ ቦታው በገንዘብ እንደሚገዛ ጻፈ፤ እዚያ በየዓመቱ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ዝግጅት ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከር ድምፁ እንደተዘጋም አከለ። ሌላው፣ አንተ እዚያ ሆነህ ድምፅህ ይዘጋል፣ እኛ እዚህ ሆነን ደመወዛችን ይዘጋል አለው። ከቀልዶቹ ሁሉ የሣቅኩበት ይኸኛው ነው።

ሃያ ሦስተኛዋ በቁጣ ገባች። ንግድ ባንክ ቡድኑን አፈረሰ ስትሉ የሴቶቹ ቡድን እንዳልፈረሰ ለምን ማንም አላነሣም? ሎዛ አበራ የተጫወተችበት፣ ከአገር አልፎ በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የተወዳደረ ቡድን ነው። ልክ ነበረች። ሃያ ሁለት መልስ ሙሉ ክለብ ስንል የወንዶችን ብቻ ነበር።

24ኛ መልስ

የመብራት ኃይል ሽማግሌ ደጋፊ ናቸው፤ ዛሬም ኢትዮ ኤሌክትሪክ አይሉም። ሊጉ በአዲስ መልክ ሲጀመር፣ በ1990፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ቡድናቸው ነው። የአጥቂውን የዮርዳኖስ ዓባይን ዘመን አይተዋል። ከዚያ ቡድኑ በ2010 ወረደ፣ በ2014 አደገ፣ በ2015 ወረደ፣ በ2016 አደገ። አርባ ምንጭ ከተማም በ2010ሩና በ2015ቱ መውረድ አብሮት ነበር፤ በ2016 አብሮት ተመለሰ፤ እንደ ጎረቤት ሆነዋል። እንደ እርሳቸው አነጋገር የከፍተኛ ሊግ ጨዋታ የሚያዩት ጠዋት በአራት ሰዓት ነው፣ መግቢያው ርካሽ ነው፣ ዳኛው ሲሰደብ ይሰማል፣ አሠልጣኙ የሚለውንም ትሰማለህ። ቡድናቸው ሲያድግ ደስ ይላቸዋል፤ ግን ሊጉ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚሄድ ዓመቱን ሳያዩት ይከርማሉ። ስለዚህ ሲወርድ እምብዛም አያዝኑም። ይህን ሲጽፉ የሚያፍሩ ይመስላሉ።

ከ25ኛ እስከ 28ኛ

ስለ ዳኞች ጠብ ተነሣ። አወያዩ ሁለቱን ሰረዘ፤ የቀሩት ሁለቱ የተሰረዙትን ስለሚጠቅሱ ምን እንደተባለ ከመልሳቸው መገመት ይቻላል። አልመክርም።

29ኛ መልስ

የፋይናንሷ ሠራተኛ ተመለሰች። ሐሳብ አላት፦ ያደገ ክለብ ምዝገባው ከመጽደቁ በፊት የአንድ ዓመት ደመወዝ በዝግ ሒሳብ ያሳይ፤ ከአሳደጉት ተጫዋቾች ቢያንስ ግማሹን ለአንድ ዓመት ያቆይ። ሁለተኛውን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ግን ተጠራጠርኩ፤ ልጆቹን በውል ማቆየትና ሜዳ ማሰለፍ ይለያያል፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ዓመቱን ያስቀምጧቸዋል። የመጀመሪያው ሐሳብ ግን ነገ ሊሠራ የሚችል ነው፤ ሁለቱ ሊጎች በሁለት የተለያዩ አካላት እጅ ባይሆኑ ኖሮ ትናንት ይሠራ ነበር። ለዚህ ነው በ1ኛው መልስ መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ ቁልፍ ናት ያልኩት።

30ኛና 31ኛ

በ30ኛነት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አማካዩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ የምግብ ቤቱ ዕዳ ምን ሆነ?

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መለሰ። ዕዳው 1,840 ብር ነበር። አንደኛ ሊግ ፈርሞ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል በቴሌብር ላከላት። ባለቤቲቱ ማታውን ደውላ ደብተሩን ከፍታ ቆጠረችለት። ባደጉበት ቀን የበላው ምሳ በመዝገብ መጻፉ ስሕተት ነበር ብላ 80 ብር መልሳለታለች።